የሚያበላ እንጂ የማያነጋግር ገመድ

ከስልኬ ወደ ኮምፒውተር ጥቂት ፎቶዎችን ላሻግር ብዬ ገመዱን ስሰካ፣ ጉዳዩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስልኩ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ደጁ ሲንኳኳ እንዳልሰማ ባለቤት ዝም አለ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ገለበጥኩ፣ መልሼ ሰካሁ። (ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ከቀረበ ወዲህ፣ ያንን ጠፍጣፋ ጫፍ በመጀመሪያ ሙከራው አቅንቶ የሰካ ሰው ካለ እኔን አላጋጠመኝም።)

ስልክ እምቢ ሲል ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው በዙሪያው የሚሰበሰበው ሰው ነው። ቀድሞ የደረሰው «ምን አድርገኸው ነው?» ይላል፤ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ክስ ነው። ቀጣዩ «አጥፍተህ አብራው» ይላል፤ ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ፣ መካሪው ለምን እንደሚሠራ ባያውቅም ዕድሜውን ሙሉ ባለሙያ ተብሎ ይኖራል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲመለከት ቆይቶ፣ «ይኼ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ የሚፈርደው ነው። በሰው ስልክ ላይ ፎርማት ማዘዝ እንዴት ይቀላል! የሚጠፋው ፎቶም፣ የሚጠፋው ስልክ ቁጥርም የእሱ አይደለም።

ምስጢሩ ግን ማንም ባልጠረጠረው ገመድ ውስጥ ነበር። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ሆድ ውስጥ 4 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያመላልሳሉ። ለቻርጅ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ገመዶች መረጃ የሚያመላልሱት ሁለቱ የሏቸውም፤ መልካቸው ግን ከሌላው ስለማይለይ፣ ባትሪው ሲሞላ ያየ ሁሉ «ገመዱስ ደኅና ነው» ብሎ ይመሰክርላቸዋል። እኔም መስክሬያለሁ፤ ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ያበራሁት፣ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ስፈልግ ያመሸሁትም ይህንኑ ምስክርነት አምኜ ነው።

ሌላ ገመድ ተፈልጎ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰማ፤ የስልኩም ስም ብቅ አለ። ደስታችን ግን ስከፍተው አበቃ፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ባለ ፎርማቱ ሰውዬ «አላልኩም?» የሚል ፊት አሳየኝ። በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ ከራሷ ስልክ ላይ ዐይኗን ሳታነሣ፣ «አጎቴ፣ ስልኩ እኮ እየጠየቀህ ነው» አለች። እውነትም ማሳወቂያው ላይ፣ በዩኤስቢ ቻርጅ ብቻ እያደረገ መሆኑን ጽፎ፣ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን እስክመርጥለት ይጠብቀኝ ነበር። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች እንዲህ የሚያደርጉት ለጥንቃቄ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ፣ ለቻርጅ የተሰኩበት ኮምፒውተር ሁሉ ጓዳቸውን እንዳይበረብር። አይፎን ደግሞ ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ ወይ ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። እኔ ያንን አንድ መስመር ከማንበብ ይልቅ የቤቱን ሰው ሁሉ ማማከር ቀሎኝ ነበር።

ፎቶዎቹ በሁለት ደቂቃ ተሻገሩ። በማግስቱ ባለ ፎርማቱ ሰውዬ የራሱ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር አልገናኝ ብሎት ገመድ እንዳውሰው ሲለምነኝ፣ ያንን የመጀመሪያውን ገመድ በጥንቃቄ ጠቅልዬ ሰጠሁት።