ሆላንድ ደርሶ የመጣ ሰው

ጥሬ ሥጋ እንዲህ ሲናቅ አይቼ አላውቅም። ወዳጃችን ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገና «እኔ እንኳ ትቻለሁ፤ ወጣ ብለህ ዓለምን ስታይ አመለካከትህ ይቀየራል» አለ። የወጣው ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። ያየው ዓለም ሆላንድ ነው። ከመሄዱ በፊት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ እዚያው ሥጋ ቤት፣ ከሽንጡም ከዳቢቱም ጮማውን ለራሱ እየመረጠ አዋዜ ሲያስጨምር የነበረው እሱ ነው። ሥጋ ቆራጩ እንኳ ቢላዋውን ይዞ ቆመና «ጋሼ፣ እዚያ ከብት የለም እንዴ?» አለው።

በጣም የሚያናድደው ደግሞ ትክክል መሆኑ ነው። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል። ግን ይህን ለማወቅ አምስተርዳም ድረስ መሄድ ያስፈልጋል? አያቶቻችን የኮሶ አበባ ወቅጠው በባዶ ሆዳቸው የሚጠጡት ለጣዕሙ ብለው ነበር? አውቀው ነው የሚበሉት፣ አውቀው ነው የሚያሽሩት።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ የሚጀምረው «እዚያ እኮ» ተብሎ ነው። እዚያ እኮ ሰው አይጮህም። እዚያ እኮ ካፌ ውስጥ ሰው መጽሐፍ ያነባል። እዚያ እኮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ የሚገባው በሳይክል ነው። ይኼኛው እንኳ እውነት አለው፤ ማርክ ሩተ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በሳይክል ሲሄዱ ዓለም በፎቶ አይቷቸዋል። ግን ሆላንድ እንደ ምጣድ የተዘረጋ አገር ነው፤ ከመሬቱ ሩብ ያህሉ እንዲያውም ከባሕር ወለል በታች ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው፣ እሱም ዳገትና ቁልቁለት እየተፈራረቀባት። መጀመሪያ ከፒያሳ ቁስቋም ድረስ በሳይክል ይውጣና ከዚያ ስለ አመለካከት እናወራለን። ይህን ሁሉ የነገረን ደግሞ ከአራዳ ፒያሳ በባጃጅ መጥቶ ነው። በኮንትራት!

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» አያቴ ሰው ሩቅ ሊሄድ ሲሰናበታት ትለው ነበር፤ እያለችም ስንቁን ትቋጥርለታለች። ተረቱ ስለሄደው ሰው ምንም አልቀረውም፤ ይጫናል፣ ይለጎማል፣ ችሎ ይኖራል። «እስኪመለስ» ላይ ሲደርስ ግን ጭጭ ይላል። ከተመለሰ በኋላስ? ከተመለሰ በኋላማ ጫኙ እሱ፣ ተጫኞቹ እኛ ነን። በስልኩ ያለውን ፎቶ በሙሉ እንጫናለን። ባቡሩ በሰዓቱ መድረሱን እንጫናለን። የአይብ ዓይነት በየስሙ እንጫናለን። ሰሞኑን ልጓሙም ደርሶናል፤ ሞቅ አድርገን ስንጫወት እጁን ያነሳና «አንድ በአንድ» ይለናል።

መንገደኛ ተመልሶ አገሩን ማሰልቸቱ አዲስ አይደለም። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ረጅም ስኮትላንዳዊ በ1770 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጎንደር ገባ። ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አስታመመ። ግሽ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ። ሰው ጥሬ ሥጋ ሲበላም አየ። አገሩ ገብቶ ይህን ሲያወራ ለንደን ሳቀችበት፤ ውሸታም ተባለ። ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። ብሩስ አኩርፎ ከተተ፤ አምስት ቅጽ የሞላው መጽሐፉ የወጣው በ1790 ነው። አንድ ጊዜ አንዱ እንግዳ «ሥጋ በጥሬው አይበላም» ቢለው፣ ወጥ ቤት ገብቶ ጥሬ ሥጋ በጨውና በበርበሬ ለውሶ አመጣና «ወይ ትበላለህ፣ ወይ እንዋጋለን» አለው ይባላል። እኔ ብሩስን የምወደው ለዚህች ነው። እሱ የእኛን ጥሬ ሥጋ ስኮትላንድ ድረስ ወስዶ ተከራከረለት። የእኛው ሰው ፒያሳ ላይ ካደው። ብሩስ የሞተው እንኳ በበረሃ አይደለም፤ በ1794 አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ሰረገላዋ ድረስ ልሸኝ ብሎ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ነው። ያን ሁሉ አገር ዞሮ ሽኝት ገደለው።

ደግሞስ ለጎንደር መንገደኛ ብርቋ ነው እንዴ? የቆሎ ተማሪ ለቅኔ ጎጃም ይሻገራል፣ ለድጓ ቤተልሔም ይወርዳል፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይሄዳል፣ አቋቋምና ትርጓሜ ሲያምረው ወደ እኛ ጎንደር ይመጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ በየደጁ ከውሻ ጋር ግብ ግብ። አበል የለም። ዓመታት ቆይቶ ሲመለስ ስለ አመለካከቱ የሚጠይቀው የለም። መቋሚያና ጸናጽል ያስጨብጡታል። ማኅሌት ላይ ይቆማል። አወቀም አላወቀም እዚያው ይታያል።

አበል ካነሳሁ አይቀር፣ የሻንጣዬን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይኼ ሰው የሄደው በእኔ ሻንጣ ነው። ሲመለስልኝ አንዱ ጎማ የለም። «ጎማው የት ሄደ?» ብለው «እዚያ እኮ መንገዱ ጥርብ ድንጋይ ነው» አለኝ፣ የአገሩን ታሪክ እንደሚያስረዳ ሁሉ። ጎማዬ አምስተርዳም ቀረ። እጀታው ላይ ታስሮ የነበረውን የአየር መንገድ ወረቀት ግን በጥንቃቄ ፈትቶ የገዛ የሥራ ቦርሳው ላይ አስሮታል። ዛሬም እዚያው ነው። ዝናብ እንዳያበሰብሰው ፕላስተር ለጥፎበታል።

ሰፈራችን ውስጥ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የመጣች ልጅ አለች። የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አልብሳለች፣ ታናናሾቿን አስተምራለች፣ አረብኛውን ታንበለብለዋለች። ፓስፖርቷን ማዳም ቆልፋባት ነው የኖረችው። ስልኳ ሲጮህ ዛሬም ብድግ ብላ ነው የምታነሳው። ቡና ላይ አይቻታለሁ፤ የደወለችላት የገዛ እህቷ ናት፣ እሷ ግን አውርታ እስክትጨርስ ቆማለች። ስለዚያ አገር ሲጠይቋት «ደህና ነው» ትልና ሲኒ መሰብሰብ ትጀምራለች። እሷን «ዓለምን አይተሽ ምን ተማርሽ?» ያላት ሰው አላጋጠመኝም። የምትጠየቀው «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ነው።

ይኼው ወዳጃችን አንድ ቀን ስሟ ቢነሳ «እነዚህ የአረብ አገር ልጆች…» ብሎ እጁን አወናጨፈ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ቤሩት ውጭ አገር አይደለም እንዴ? በአበል የሄደው ዓለም አየ፣ በጉልበቷ የሄደችው አረብ አገር ኖረች ይባላል። እሱ ሁለት ሳምንት ሆቴል አድሮ ቁርሱን እያማረጠ በላ። እሷ በሰው ቋንቋ፣ በሰው ወጥ ቤት፣ ማዳም ፊቷን ስታጠቁርና ስታበራ እያነበበች ዓመታት ኖረች። ስለ ሰው ጠባይ ማንን ልጠይቅ? አመለካከት በሁለት ሳምንት የሚቀየር ከሆነ፣ መጀመሪያውኑስ ነበረ ወይ?

ኧረ ነገሬ ስለ ሥጋው ነበር። ሥጋውን እኛ ጨረስነው። ሂሳቡ ሲመጣ «እዚያ እኮ ሁሉም የራሱን ነው የሚከፍለው» አለና የለስላሳውን ብቻ አስቀመጠ። ደንቡ ነው፣ አልበላም።

አሁን ደግሞ ሌላ ሥልጠና መጥቶለታል፣ ጀርመን። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የምንሸኝበት ሚኒባስ መዋጮ እየተሰበሰበ ነው። እኔም አዋጥቻለሁ፤ ከሽኝት የቀረ ይታማል። ትናንት ማታ ደውሎ ስለ ጤንነቴ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው አጥብቆ ሲጠይቀኝ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ሳይጨርስ «ሻንጣውን ለገጠር ዘመድ ሰጥቼዋለሁ» አልኩት።