የ111 ብሎን ጣጣ

ዕቃ የሚሠራና ዕቃ የሚጠግን ሰው ተዋደው አያውቁም። ሠሪው ሲዘጋ «ደግሞ ማን ሊከፍተው!» ይላል፤ ጠጋኙ ሲከፍት ሠሪውን እስከ ሰባት ቤቱ ይረግማል። ጠቡ ምድር ላይ ብቻ የሚቀር የመሰለው ሰው ካለ ጠፈር ላይ ሆኖ ምድርን ስለሚዞረው ስለ ሀብል ቴሌስኮፕ ይስማ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሀብል ዋና መስታወት 2.4 ሜትር ስፋት አለው። ሲሠራ ቅርጹን በሚመረምረው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ነበር። ሌንሱ በማስተካከያው አልደርስ ሲላቸው ሮንዴላ ደርበው አስገቡለት። ልብ በሉ፣ ሮንዴላ! ሌሎች ሁለት መመርመሪያዎች «ጉድለት አለ» ብለው መስክረው ነበር፤ ከዋናው ያነሰ ትክክለኛነት አላቸው ተብሎ ምስክርነታቸው ውድቅ ሆነ። ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፦ እውነቱን የሚናገረው ጀማሪው ነው፣ ቃለ ጉባኤው የሚያዘው ግን ያለቃው ነው። መስታወቱም ጠርዙ ላይ 2 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ ሁለት እጅ) ያህል አጉድሎ፣ እጅግ በጥንቃቄ ተሳስቶ፣ በ1990 ወደ ላይ ወጣ።

በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ሄደው ስሕተቱን የሚያርም መነጽር አደረጉለት። ለመነጽሩ ቦታ ለማስለቀቅ አንድ ሌላ መሣሪያ ተነቀለ፤ መስታወቱ ባጠፋ ጎረቤቱ ወንበሩን አጣ። በዚያው ጉዞ የጃይሮስኮፖቹ (የቴሌስኮፑን አቅጣጫ የሚጠብቁት መሣሪያዎች) ክፍል በር አልገጥም ቢል ጠፈርተኞቹ ሙስግሬቭና ሆፍማን በማጥበቂያ ቀበቶ ስበው ዘጉት። በትከሻ ገፋ ማድረግ እዚያ አይሠራም፤ የሚገፋው ራሱ ይገፋል። ብሎንም እንዲሁ ነው፤ እግሩን ያላሰረ ሰው ብሎኑን ሲያዞር ብሎኑ ቆሞ ሰውየው ይዞራል። የጠፈር ልብሱ ደግሞ በውስጡ አየር ተወጥሮ ስለሚነፋ ጣት ማጠፍ ብቻውን የጉልበት ሥራ ነው።

ዋናው ጉድ በሜይ 2009 መጣ። በ2004 የአንዱ ስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በቀለም በቀለሙ የሚለይ መሣሪያ) ኃይል ሰጪ ተበላሽቶ ነበር፤ መድኃኒቱም አንዲት ካርድ መቀየር ነው። ካርዷ ግን ከክዳን በስተኋላ ናት፣ ክዳኑን የያዙት ደግሞ 111 ጥቃቅን ብሎኖች ናቸው። ሠሪዎቹ ጠፈር ላይ ይከፈታል ብለው አላሰቡም። አንዷ ብሎን አምልጣ ቴሌስኮፑ ውስጥ ብትገባ ጥገናው ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ በክዳኑ ላይ የሚገጠም ሰሌዳ ተበጀ፤ ቀዳዳዎቹ የካቻቪቴ ጫፍ ያስገባሉ፣ የብሎን ራስ አያስወጡም።

ሁሉም ታስቦበታል። ከሰሌዳው በፊት ግን ከክዳኑ ፊት የተገተረ የእጅ መያዣ መነሣት አለበት፤ ጠፈርተኛው እንዲደገፍበት የተሠራ ነው። በአራት ብሎን ታስሯል። ሦስቱ ወጡ፤ የአራተኛው ብሎን ራስ ግን ተበልቶ ጠፈርተኛው ማሲሚኖ ቢያዞረው መፍቻው በባዶ ይሽከረከራል። ለጉዞው ከመቶ በላይ አዳዲስ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ ለዚህ የሚሆን አንድም አልነበረም። መሬት ላይ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል መሐንዲሶች ተመሳሳይ መያዣ እየጎተቱ ለኩና 27 ኪሎ ያህል ጉልበት ቢያርፍበት ይገነጠላል አሉ። ማሲሚኖ ስብርባሪው እንዳይበተን የመያዣውን የታች ጫፍ በቴፕ አሽጎ ጎተተው። ተገነጠለ። ይህን ምክር ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ያለ ስሌት ይሰጠው ነበር።

111ዱ ብሎኖች ገና ይቀራሉ። የኤሌክትሪክ መፍቻው ባትሪ ደግሞ እምቢ አለ፤ ሰውየው መለዋወጫ ሊያመጣ ወደ መንኮራኩሩ ተመለሰ፣ እግረ መንገዱንም ኦክሲጅኑን ሞላ። 6 ሰዓት ተኩል የታቀደለት ሥራ 8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ፈጀ። ካርዷ ተቀየረች።

አዲሱ ክዳን እንደ አሮጌው በብሎን አልተጠረነቀም፤ የሚዘጋው በሁለት መቆለፊያ እጀታ ነው፣ ጠቅ ጠቅ። ሠሪው በስንት ዘመኑ ለጠጋኝ አዘነ። የጥገና ጉዞው ግን የመጨረሻው ነበር፤ መንኮራኩሮቹም በ2011 ጡረታ ወጡ። በቀላሉ የሚከፈተውን ክዳን እስከ ዛሬ የከፈተው የለም።