ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰው እናያለን

አንድ ድምፅ አለ፣ ስልክ ላይ ሙሉ ፊልም አሳጥሮ የሚተርክ። ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ትንፋሽ አይወስድም፣ አያስልም፣ ምራቅ አይውጥም። «ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰው እናያለን» ይላል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የምናየው። ሰውየው ስም የለውም፤ ቢኖረውም ድምፁ ለስም ጊዜ የለውም። መጥፎው «ይሄ ክፉ ሰውዬ» ነው፣ ልጅቷ «ይቺ ቆንጆ ልጅ» ነች፣ የቀረው ሁሉ «ጓደኛው» ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሰው ተወልዶ፣ አፍቅሮ፣ ተከድቶ፣ ተበቅሎ፣ ሞቶ ያልቃል። ከስክሪኑ ሥር ደግሞ፣ ፊልሙ ብቻውን እንዳይሰለቸን ተብሎ መሰለኝ፣ ሌላ ሰው ሳሙና በቢላ ይከትፋል።

እስኪ ይሁን፣ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣ። የእህቴ ልጅ በቀደም «ጋሼ፣ ያንን የምትወደውን የህንድ ፊልም አየሁት» አለኝ። «ሾሌይ»ን ማለቱ ነው። ደስ አለኝ። ሦስት ሰዓት ከምናምን የሚፈጅ ፊልም ነው፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ለጸጉር ቆራጭ እንኳ አርፎ አይቀመጥም።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። በአራት ደቂቃ።»

ከዚያ ተረከልኝ። ሁለት ሌቦች አሉ። እጅ የሌለው ሰውዬ ይቀጥራቸዋል። ሽፍታ ይይዛሉ። አንደኛው ይሞታል። አለቀ።

«ሳንቲሙስ?» አልኩት።

«የቱ ሳንቲም?»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የወጣው፣ ሃምሳ ዓመት ጠብቄያችኋለሁ፣ መጨረሻውን ነገርከን ብላችሁ እንዳትወቅሱኝ። አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ነገር ለመወሰን ሲቸገሩ አሚታብ ሳንቲም ይወረውራል። መጨረሻ ላይ ጥይት እያለቀባቸው ነው፣ አንዱ ቀርቶ ሽፍቶቹን መመከት አለበት፣ ሌላው ሄዶ ጥይት ያመጣል። ሳንቲሙ ይወረወራል። አሚታብ ይቀራል፤ ይሞታልም። ጓደኛው ሳንቲሙን አንስቶ ሲያገላብጠው ሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ሲፈልግ ነው ዕጣ የደረሰው። ይሄን ነው እንግዲህ ያ ድምፅ «ጓደኛው ይሞታል» ብሎ ያለፈው። የጅማን ቡና ጭሱን አሽትቶ «ጠጣሁ» ማለት ነው።

ሌላም አለ። ማታ ማታ አሚታብ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አርሞኒካ ይነፋል። ፊት ለፊት፣ ነጭ የለበሰች መበለት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አንድ ቃል አይነጋገሩም። ሁለቱ በእውነቱ ዓለም በ1973 ተጋብተው ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን ፋኖስና አርሞኒካ ብቻ ነው ያላቸው። ይሄን በአራት ደቂቃ ውስጥ የት ታስገባዋለህ? «ይቺ ቆንጆ ልጅ መብራት ታጠፋለች» ብለህ?

ደግሞ መጨረሻውን አወቅን ብለው የሚኮሩ ሰዎች ይገርሙኛል። የዚህ ፊልም መጨረሻ እኮ የደራሲዎቹ አይደለም። በመጀመሪያ ሲቀረጽ እጁን የተቆረጠው ሰውዬ ሽፍታውን ሚስማር በመታ ጫማ ረግጦ ይገድለዋል። ጊዜው በህንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበርና ሳንሱር «ሕግ በእጅ አይያዝም» አለ፤ ፖሊስ መጥቶ እንዲይዘው ተደረገ። እና አንተ መጨረሻውን አወቅሁ ብለህ ፊቴ ስትንጎራደድ፣ ያወቅከው የሳንሱር ሠራተኛ ያዘዘውን ነው።

ይሄን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው። የጣውላ አግዳሚ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ከፊት አንዲት ቴሌቪዥን። ክረምት ከሆነማ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ከንፈር ነው የምናነበው፣ ያውም የህንድ ከንፈር። ከሥር ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፣ አንብበን ሳንጨርስ ያመልጠናል። ስለዚህ ከፊት አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ ይተረጉማል። ህንድኛ አይችልም። እንግሊዝኛም ያን ያህል። ግን ይተረጉማል። አንዲት እናት ጎልማሳ አቅፋ ስታለቅስ «ይሄ ወንድምህ ነው፣ ሕፃን ሆናችሁ ነው የተጠፋፋችሁት እያለችው ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር።

ትልቁ ቂሜ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ላይ ነው። ሰውየው ዘፈን ሊጀምር ሲል ይሸተዋል። ሪሞቱን ያነሳና ይጫናል። አሚታብና ዳርሜንድራ ባለ ጎን ወንበሯ ሞተር ሳይክል ላይ ሆነው ስለ ጓደኝነት ሲዘፍኑ እኛ ያየነው ሁለት የሚንዘፈዘፉ ሰዎች ነው። ከአግዳሚው «ኧረ ተው!» ሲባል «ዘፈኑ ምን ያደርግላችኋል፣ ታሪኩን እዩ» ይላል። ታሪኩን! ለታሪኩ ተቆርቁሮ እንዳይመስላችሁ። ቀጣዩ ተመልካች ውጭ ተሰልፏል፣ ያንን ለማስገባት ነው። እኛ የከፈልነው ግን ለሙሉው ነው። የሁለቱ ሰዎች ጓደኝነት ያለው ዘፈኑ ውስጥ ነው፤ ዘፈኑን ከዘለልከው መጨረሻ ላይ አሚታብ ሲሞት የማታውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ገብተህ ትቀመጣለህ። ሰውየው ዛሬም ደህና ነው፣ ተመስገን። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዳንዴ እንገናኛለን። እጁን አንስቶ «ሰላም ነው?» ይለኛል። እኔ ግማሽ እጄን አነሳለሁ። ግማሽ ፊልም ላሳየኝ ሰው ሙሉ ሰላምታ የለኝም።

«ከነገሩ ጦም እደሩ» ይላል ያገሬ ሰው። ከተረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄን ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ ለቅሶ ድንኳን ሥር፣ የፊልም ነገር በተነሳ ቁጥር በልቤ ደጋግሜ እለዋለሁ፤ ከዚያ አፌን ከፍቼ እገባበታለሁ። ቃና በ2008 ዓ.ም. መጥቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማናገር ሲጀምር ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። «ጥቁር ፍቅር» ሲጀምር ወጥ ያርር ነበር። አንዱ ወገን ባህላችን ጠፋ ይላል፣ ሌላው ዝም በሉ ይጀምራል ይላል። እኔን ያናደደኝ ባህሉ አልነበረም። ሰውየው ተናግሮ ጨርሶ አፉ ይቀጥላል። ድምፁ አልቋል፣ አፉ ግን ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ይቀረዋል። ምን እያለ ነው? ማን ነው የወሰደው? ይሄን ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው የለም፤ አንዲት ጎረቤቴ ብቻ «አንተ ደግሞ! አፍ አፉን ምን አሳየህ፣ ዓይኑን አታይም?» አለችኝ።

ኮሜዲ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሳቁ። የማይታዩት ሰዎች ሳቅ። ይሄን ነገር ያመጣው ቻርሊ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሳቅ የሚያወጣ ሳጥን ሠራ፤ ቁልፍ ሲጫኑት ይስቃል። ፈገግታ የፈለገ ፈገግታ፣ ሆዱን ይዞ የሚንከባለል የፈለገ የሚንከባለል። «ማሽ» የሚባለው ኮሜዲ፣ በኮሪያ ጦርነት ስለነበረ ሆስፒታል የሚያወራው፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት፣ ሠሪዎቹ ሳቁን አንፈልግም ብለው ከጣቢያው ጋር ተከራክረዋል። በመጨረሻ ቢያንስ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አይሳቅም ተብሎ ተስማሙ። እንግሊዞቹ ደግሞ ሳቁን አውጥተው አሳዩት። አየህ፣ የቆሰለ ሰው ፊት እንዳይሳቅ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አለ።

እኛ ጋ ግን ቀልዱ ሳይደርስ ሳቁ ይደርሳል። ዘበኛው በሩን ሲከፍት፣ ሳቅ። የቤት ሠራተኛዋ «አቤት» ስትል፣ ሳቅ። አንድ ጊዜ አንድ ኮሜዲ ላይ አንድ ሰው አዲስ አበባ ቪላ ቤት ገብቶ «ከጅማ ነው የመጣሁት» አለ፤ ሳቁ ጣሪያ ነካ። ቁጭ ብዬ ቀልዱን ጠበቅሁ። የለም። ቀልዱ ጅማ ነው።

ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው በአማርኛ ኮሜዲ ውስጥ ሦስት ነገር ሳይዝ አይገባም፤ ፌስታል፣ ዶሮና የሚያስቅ አነጋገር። አስፋልት ላይ ቆሞ ፎቅ ይቆጥራል። ሊፍት ያስደነግጠዋል። እኛ ሰፈር እኮ አንድ ልጅ በኦሮምኛ ቁርሱን በልቶ፣ በአማርኛ ተጣልቶ፣ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ይመጣል፤ እናቱ ዳውሮ ወይ ከፋ ከሆነች አራተኛ ይጨመራል። ከዚያ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ደራሲ ይነሳና ሦስት ቋንቋ የሚያውቀውን ሰው አነጋገርህ ያስቃል ይለዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ስንፍና ነው። ቀልድ ሲያልቅበት የሰው አፍ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ኮሜዲያን አይባልም። ተናደድኩ መሰለኝ፤ ልክ ነኝ።

ማሳቅ ሳይቻል ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ሳጥን አላስፈለጋቸውም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በበዓል ቀን ሲመጡ ዶሮ ወጡ እየቀዘቀዘ ነበር የምንስቀው። በቅርቡም ፋና ላይ «ምን ልታዘዝ» ነበረ፤ የካፌ ሠራተኛና አለቃ ስለ ካፌው ይነታረካሉ፣ እኛ ስለ አገሩ መሆኑን እያወቅን እንስቃለን፣ እነሱም ማወቃችንን ያውቃሉ። ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር ማኪያቶ ሲታዘዝበት ያየሁት እዚያ ነው። እንደዚያ ሲሆን ዶሮ ይዞ መግባት አያስፈልግም።

ከሁሉም ግን፣ ቤቴ ውስጥ ማንንም ከማንም የማያጣላው ሚስተር ቢን ነው። ኦሮምኛ ብቻ የምትሰማው አያት፣ አማርኛ ብቻ የሚሰማው ጎረቤት፣ ገና አፉን ያልፈታው ሕፃን፣ ሁሉም እኩል ይስቃል። ሰው የማያውቀው ነገር ክፍሎቹ በጠቅላላ 15 ብቻ መሆናቸውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ዓለምን ሲያስቅ የኖረው በ15 ክፍል ነው! የእኛ ድራማ 15ኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ገና ሰዎቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው «እና ምን አለችህ?» እየተባባሉ ነው።

ታዲያ ያ ድምፅ ሚስተር ቢንንም አልማረው። የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ አሳየኝ። የገና ዝግጅቱ ነው፤ ሚስተር ቢን የእጅ ሰዓቱ ቱርክ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ሆድ ውስጥ ይወድቅበታል፣ ሊፈልግ ጭንቅላቱን ያስገባል፣ አልወጣ ይለዋል። ሰውየው አንድ ቃል አይናገርም። ድምፁ ግን ይናገራል፤ «አሁን ይህ ሰውዬ ጭንቅላቱ ዶሮው ውስጥ ገብቷል። ማውጣት አልቻለም። በጣም ተጨንቋል።» አያለሁ እኮ! ዓይን አለኝ! ቻርሊ ቻፕሊን ፊልም መናገር ከጀመረ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ «ሲቲ ላይትስ»ን ያለ ንግግር አወጣ። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ሀብታም የመሰላት የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ነው፤ ያቺን አንዲት ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ እንደቀረጻት ይነገራል። እሱ ያን ሁሉ የለፋው ዝም ለማለት ነው። ይሄ ደግሞ መጥቶ ያወራበታል።

«ጋሼ፣ ጊዜ ይቆጥባል እኮ» ይለኛል ልጁ። በቆጠበው ጊዜ ምን ሠራበት ብዬ ጠየቅሁት። ሌላ ፊልም በአራት ደቂቃ አየበት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በዚህ አያያዙ ዓመት ሳይሞላው የዓለምን ፊልም ጨርሶ ሥራ ፈት ይሆናል። በሉ የልጁን ነገር እዚህ ላይ ልተወው፤ ልጅ ነው፣ እናቱም ይሄን ታነባለች።

የጅማው ሰውዬ ነገር ግን አልወጣልኝም። ኮሜዲ የምትጽፉ ካላችሁ እዚህ ድረስ ኑ፣ ሄርማታ ገበያ አንድ ሐሙስ ዋሉ፣ ሰው እንዴት እንደሚከራከርና እንደሚቀላለድ ስሙ፣ ቡናው በእኔ ነው። ዶሮዋን ብቻ እዚያው ተዉአት፤ እዚህ ሞልቷል።