ብስክሌቱን ለምን አልቆለፈውም?

የድሮ ፊልም ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚያይ ሰው ምን ያህል ታላቅ ሐያሲ እንደሆነ እስካሁን ያልጻፍኩት ክብሩን የሚመጥን ቃል ስላጣሁ ነው። ባለፈው እሁድ ግን አንድ የሩቅ ዘመዴ ቤቴ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከሶፋው ሦስት አራተኛውን ይዞ፣ የዓለም ባለሙያዎች ከሰባ ዓመት በላይ ሲያነሱት ሲጥሉት የኖሩትን ፊልም ፋንዲሻው ሳይቀዘቅዝ ፈረደበትና መዝገቡን ዘጋ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ውለታ ቢስነት ነው። ይህን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ። በየቤቱ አንድ አለ፤ የሌለበት ቤት ደግሞ ለበዓል ይመጣለታል።

ፊልሙ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ጦርነት ባደቀቃት ሮም አንድ ሥራ አጥ አባወራ በስንት መከራ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣነት ተይዞ ገንዘብ ተበድረውበታል። ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋ በምትኩ ታስይዝና ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። ሰውየው በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ መሰላል ላይ ቆሞ ወረቀት ሲለጥፍ ሌባ ብስክሌቱን ይዞበት ይበራል። የቀረው ጊዜ አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን እያሰሱ የሚንከራተቱበት ነው። ጠቅላላው 89 ደቂቃ ነው፤ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ሙሽራዋን ከመኪና ለማውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል።

ሐያሲያችን ብስክሌቱ ገና ከዓይን ሳይሰወር ፍርዱን ሰጠ። «ለምን አልቆለፈውም?»

እስቲ የዚህን ጥያቄ ጥልቀት ተመልከቱ። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጁት ሰዎች አንድ ሁለት አይደሉም፤ ቼዛሬ ዛቫቲኒን የመሰለ ስመ ጥር የፊልም ጸሐፊ አለበት። አንዳቸውም ቁልፍ ትዝ አላላቸውም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ለፊልሙ ልዩ ኦስካር ሲያበረክቱ ከሸላሚዎቹ መካከል «ቆይ፣ ቁልፉስ?» ያለ አልተገኘም። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1952 ሐያስያንን ጠይቆ ፊልሙን ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ብሎ ሲያስቀምጠው ያ ሁሉ ሊቅ ተሰብስቦ ቁልፉን ረሳው። ሲኒማ የሚባለው ጥበብ የእኔ ዘመድ ጫማውን እስኪያወልቅ ድረስ በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ ኖሯል።

በዚህ ቢያበቃ ተራ ተመልካች በሆነ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። ቁልፍ መግዣ ካጣ ብስክሌቱን በሰንሰለት ከመሰላሉ ጋር ማሰር ይችል ነበር።

«መሰላሉንም አብረው ቢወስዱትስ?» አልኩት።

«እሱ ላዩ ላይ ቆሟል እኮ!»

«ሲጎትቱት ይወድቃላ።»

«ሲወድቅ ያያቸዋል።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ከዚያ ወደ ቤተሰቡ አስተዳደር ተሻገረ። ልጁ ለምን ብስክሌቱን አልጠበቀም? ልጁ በዚያ ሰዓት ነዳጅ ማደያ እየሠራ ነው አልኩት። «ታዲያ ሁለቱም ከሠሩ ምን ቸገራቸው?» አለኝ። አንሶላ ከምታስይዝ ዕቁብ ብትጥል ምን ነበረበት? ዕድር የላቸውም? ሥራውን በእግሩ ቢሠራውስ? ሮም ደግሞ እንደሚባለው ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ አንድ የሚያውቀው ሰው ደርሶባት በግማሽ ቀን ጨርሷታል። አባትና ልጅ የብስክሌት አካል፣ ጎማና ደወል በየዓይነቱ ተበታትኖ ወደሚሸጥበት ገበያ ሄደው የራሳቸውን ብስክሌት ቁራጭ በቁራጭ ሲፈልጉ፣ ዘመዴ ከሶፋው ብድግ ብሎ «ምናለሽ ተራ እኮ ነው!» አለ። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ፊልሙን ያየው መስሎኝ ነበር። «በቃ፣ ከዚያው ርካሽ አይቶ አንድ አይገዛም?» ብሎ ተመልሶ ተጋደመ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ እየሄደ የራሱን ፊልም ይሠራ ጀመር። ሰውየው ሥራ ያገኛል። ቁልፍ ይገዛል። ይቆልፋል። ወረቀቱን ይለጥፋል። ይከፍታል፤ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ይሄዳል፤ ይቆልፋል። ሌባው ይመጣል፤ ቁልፉን ያያል፤ ያዝናል፤ ይሄዳል። ማታ ቤተሰቡ ፓስታ ይበላል፤ አንሶላውም ከነአልጋው አለ። በአራት ደቂቃ ያልቃል፤ ሙዚቃ ከተጨመረበት አምስት ይሞላል። የሙዚቃውን ዓይነት ጠየቅኩት፤ «ለስለስ ያለ» አለኝ። ሌባው ሌላ ያልተቆለፈ ብስክሌት ፍለጋ ቢሄድስ? «እሱ ክፍል ሁለት ነው።» በክፍል ሦስት ሌባው ራሱ ቁልፍ ሻጭ ይሆናል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እዚያው ስክሪኑ ላይ አንድ እውነተኛ ሰው አንድ ትንሽ ልጅ በዝናብ ይዞ ሲሮጥ ነው። እውነተኛ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባቱን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ በሙያው ተዋናይ አልነበረም። ይህን ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ «ያስታውቃል» አለ።

ደግሞ ስልኩ አለ። የድሮ ፊልም ሁሉ የሶፋው ሐያሲ ዘንድ በአንድ ወንጀል ይከሰሳል፤ ሰዎቹ አይደዋወሉም። ፍቅረኛሞች ባቡር ጣቢያ ይተላለፋሉ፤ ለምን አልደወለላትም? ወታደሩ መልእክት ይዞ ሁለት ቀን በፈረስ ይጋልባል፤ ለምን አልደወለም? በእጅ የሚያዝ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደወለበት እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ላይ እንደሆነ፣ እኛም ዘንድ አገልግሎቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 እንደሆነ ብታስረዱት አያሳምነውም። ራሱ በጉርምስናው ለአንዲት ልጅ ደብዳቤ ጽፎ በታናሽ እህቷ በኩል የላከ ሰው ነው። ረስቶታል። ያለ ስልክ የኖረበትን ዕድሜ ከሕይወት ታሪኩ ሰርዞታል።

አሁን ግን ሽሙጡን ለአፍታ ላቁመው። ፊልሙን ያላያችሁ ይቅር በሉኝ፤ መጨረሻውን ሳልነግራችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ያ አባት ተስፋ ሲቆርጥ የሰው ብስክሌት ይሰርቃል። ወዲያው ይያዛል። ሰው ይሰበሰብበታል፤ ይሰድቡታል፤ በጥፊ ይመቱታል፤ ልጁም ያያል። ባለ ብስክሌቱ የልጁን ፊት አይቶ ይተወዋል። ሁለቱ በሰው መሀል ሲሄዱ አባትየው ያለቅሳል፤ ልጁም እጁን ይይዘዋል። በዚህ ሰዓት ዘመዴ ስልኩ ላይ አንድ ሰው ከፎቅ ደረጃ የሚወድቅበት ቪዲዮ እያየ ይስቅ ነበር። ቀና ብሎ «አለቀ እንዴ?» አለኝ። እኔ ፊልም እንዲወድ አልጠየቅኩትም። የሰው ልጅ ልጁ ፊት ሲዋረድ ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ማየት ግን እንዴት ያቅታል? መሰልቸት መብት ነው። የሰውን እንባ በሳቅ ሸፍኖ ሲያበቃ «ፊልሙ ደካማ ነው» ማለት ግን ባለጌነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሐያሲያችን በቀለም ረገድ ያለውን አቋም ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለዋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ለእሱ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ ቀለም እስኪቀባ የሚጠብቅ ግድግዳ። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን የሂችኮክን «ሳይኮ» አይቶ «ደሙ ደም አይመስልም» ብሏል። እዚህ ላይ እንኳ ትክክል ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ የግድያ ትዕይንት የፈሰሰው የቸኮላት ሽሮፕ ነው። ሂችኮክ በዚያው ፊልም ጊዜ ፊልሙ መታየት ከጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ ሲኒማ ቤት እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር። ብልህ ሰው ነበር፤ ግን የከለከለው የሚገባውን ብቻ ነው። የገባው እንዳይናገር የሚከለክል ዘበኛ እስካሁን አልተቀጠረም።

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያስጀመርኩት ቀንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ጭሰኛውንና ባላባቱን የሚያሳየን እዚያው ገጠር ካሉ ሰዎች ጋር ነው። ዘመዴ አራት ደቂቃ ያህል አየና «ገበሬ ሲያርስ ምን ይታያል? አገሬ ስሄድ አየው የለ» አለ። አገሩ ከሄደ ስንት ዘመኑ እንደሆነ እናቱ ታውቃለች። ከዚያ ሪሞቱን ወስዶ ፊልሙን በእጥፍ ፍጥነት አስሮጠው። በሬዎቹ ሲሮጡ፣ ባላባቱ ሲሮጥ፣ የዘመናት ግፍ ሲሮጥ አየን። ግፉ እንዲህ በፍጥነት ቢያልፍ ኖሮ አባቶቻችን ምንኛ በታደሉ!

የህንድ ፊልም ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰውየው ሌላ ይሆናል። እዚህ ትዕግሥት አለው፤ ፍቅር አለው፤ እንባም አለው። የእሱ ችግር ሁሉንም ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚረዝመውን «ሾሌ»ን ልጆቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ተቀምጠዋል። ርዕሱ ገና ስክሪኑ ላይ እያለ «ይኼኛው አክተር ይሞታል» አለ። ልጆቼ ተያዩ። «የቱ?» አለች ትንሿ። «ይኼ ረጅሙ። ያቺን ሳንቲም ታያለሽ? እሷ ሳንቲም…» ብሎ የሳንቲሟን ምሥጢር ከእነምክንያቱ ዘረገፈው። ስለዚያች ሳንቲም እኔ እዚህ አንድ ቃል አልተነፍስም፤ ላላዩት ሰዎች አዝናለሁና። ከዚያ ዘፈኖቹን አብሮ ዘፈነ፤ የሚሞተው ሰው ሲሞት ከሁሉ በላይ አለቀሰ፤ ልጆቼን ደግሞ «ምነው ጨከናችሁ?» ብሎ ወቀሳቸው። መብራት በመሀል ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መብራት ሲጠፋ ተማርሬ፣ በዚያ ቀን ብቻ የጨለማውን ዝምታ ሳላመሰግነው አልቀረሁም።

ከዘመዴ የሚለዩ፣ ግን ከአንድ ማዕድ የበሉ ሌሎችም አሉ። አንዱ የድሮ ፊልም ሁሉ ግሩም ነው ባይ ነው፤ «ፊልም ድሮ ቀረ» ይላል፤ የትኛውን ሲባል ሲኒማ ቤቱን ነው የሚያስታውሰው፤ ትኬቱን፣ ሰልፉን፣ ከውጭ የሚሸጠውን ቆሎ። ፊልሙን አይጠራም። ሌላዋ ተዋናይዋ የለበሰችውን ብቻ አይታ የምትፈርድ ናት፤ እሷን አልነካትም፤ ቢያንስ የምታየውን ታውቃለች። ሦስተኛው «ይኼንን ዛሬ በስልኬ እሠራዋለሁ» ባዩ ነው። በስልኩ የሠራውን አይተናል፤ የልደት ኬክ ነው፤ ሻማው ሲጠፋ ካሜራው ወደ ጣሪያው ዞሯል።

ከሁሉም በላይ ግን የማከብረው ተኝቶ የሚሄሰውን ነው። ይህ ችሎታ በትምህርት አይገኝም። ሲጀመር ዓይኑን ይከድናል፤ ያንኮራፋል፤ ስሞቹ በስክሪኑ መውጣት ሲጀምሩ እጁን አንስቶ ነጥብ ይሰጣል። ባለፈው ሰሞን የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» አስገባሁለት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ፊልም ነው፤ አንዲት የገበሬ መንደር ሽፍታ ስላስቸገራት ሰባት ተዋጊዎችን ለምግባቸው ብቻ ትቀጥራለች። ገበሬዎቹ ተዋጊ ፍለጋ ከተማ ሳይደርሱ ሐያሲዬ ተኛ። ዝናቡ ዘነበ፤ ጭቃው ተቦካ፤ ፈረሶቹ መንደሩን ሰብረው ገቡ፤ እሱ አልሰማም። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ተነሳ፤ አፉን ጠረገ፤ «ከአሥር አራት» አለ።

«ምኑን አየኸው?» አልኩት።

«ርዕሱን አይቻለሁ። ሰባት በዛ። ሦስት ይበቃ ነበር።»

ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያያችሁ ሰዎች አሁን ሳትደነግጡ አልቀራችሁም። እኔም ደንግጬ ቡናው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ለክፉም ለደጉም ብዬ ሁለተኛውን ስኒ ቀዳሁለት።