ክብሪታችሁን አርቁልን

ባለፈው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከታናሽ እህቴ ጋር አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ይዘን ቆመን ሳለ ጣላት። የሚጥል በሽታ ካለበት ሰው ጋር የኖረ ሁሉ ይህችን አንዲት ቃል ያውቃታል። ክንዷን ይዤ ስለነበር ጭንቅላቷ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አልተላተመም፤ ጃኬቴን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ሰዓቴንም ተመለከትሁ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ መጠበቅ ብቻ ነበር። ነገር ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሦስት ሰዎች ክብሪት ጭረው ከበቧት።

ከመካከላቸው አንዲት እናት እሳቱን አፍንጫዋ ሥር ሲያስጠጉ፣ «እናቴ፣ እባክዎን ያርቁላት፤ ሕመሟን እናውቀዋለን፣ መድኃኒትም ትወስዳለች» ብዬ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ አንተ አታውቅም፤ የያዛት ነገር ይህን ካልሸተተ አይለቃትም» አሉኝ። ከኋላዬ ደግሞ አንድ ወጣት «አትንካት፣ አረፋው ይጋባብሃል!» እያለ እጄን ይጎትታል። አንዱ እምነት እሳት ያቀርብላታል፤ ሌላው እሳቱን የሚከላከልላትን እጅ ያስራል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም፤ ከንፈሯ ላይ ያለው የቃጠሎ ምልክት ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

እኚያን እናት ክፉ ሴት ናቸው አልልም፤ ያደረጉት ከልባቸው አዝነው ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ሲሆን፣ የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩበት ኤሌክትሪክ በድንገት ልኩን ሲያልፍ ሰውነት ይንፈራገጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ክብሪቱ የሚጫረው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፣ ሕመሙ የሚለቃት በሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ክብሪት የጫረ ሁሉ «በዓይኔ አይቻለሁ» እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ክብሪት ሳይጫር በዚያው ደቂቃ ስትነቃ ያየን እኛ የቤቷ ሰዎች ብቻ ነን፤ የእኛን ምስክርነት ደግሞ የሚሰማ የለም። የድኙ ጭስ አየር አጥሯት የምትታገለውን ልጅ ሳንባ ከመቆጥቆጥ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ይህ እምነት መንገድ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዝም ባልሁ። እህቴ ሕመሙ ሲጀምራት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤተሰባችን ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በየአዋቂው ቤት ተንከራተተ፣ አንገቷም ላይ ክታብ ተንጠለጠለ። በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችሉ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ፊኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ኪኒን ለዚህ ሕመም መሰጠት ከጀመረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ሁለቱን ዓመት ለክታብ ከፈልን። በኋላም ተቀጥራ ትሠራበት በነበረ አንድ የፀጉር ቤት አንድ ቀን ቢጥላት፣ በማግሥቱ የሻይ ብርጭቆዋን ለይተው አስቀመጡላት፤ በሳምንቱ ደግሞ እንዳትመጣ ነገሯት።

እኔም እህቴም ጸበል እንጠመቃለን፤ እርሷ ኪኒኗንም በሰዓቱ ትውጣለች። የምቃወመው «ጸበል ከጀመርሽ ኪኒኑን ጣዪው» የሚለውን ምክር ነው፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ያለ ፋታ እየተደጋገመ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና።

የሚጥለው ሰው ስታገኙ በአካባቢው ያለውን ድንጋይና ስለት አርቁለት፤ ራሱን በልብስ ደግፉለት፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ እንጨት አትክተቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈው ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ማክሰኞ ዕለት እህቴ ዓይኗን ስትገልጥ ሰልፉ ተበትኖ በዙሪያችን ክብ ሠርቶ ነበር። ከንፈሯን በጣቷ ነካችና፣ «ዛሬም ክብሪት ጫሩብኝ?» አለችኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ ቤት ሄድን።