ከኋላ ወንበር ስር ያለችውን ማጣሪያ አትርሷት

ሃይብሪድ (በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ) ቅንጡ ኤስዩቪ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ልክ ነው፣ ግን እንደ መንገዱ ነው። እኔ አራት ዓመት ነድቼዋለሁ። መንገድ ሲጨናነቅ ሞተሩ ጭጭ ይላል፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ደግሞ ባትሪው ይሞላል። ረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት ሲለቁት ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፣ ከባድ መኪና ነዋ! ቴክኖሎጂው አዲስ ነው ብላችሁ የምትፈሩም አላችሁ፤ ሌክሰስ አርኤክስ 400ኤች የሚባለው ሃይብሪድ ኤስዩቪ እኮ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የኔ መኪና አንዴ ማስጠንቀቂያ መብራት አበራና አንድ ጋራዥ "ባትሪው ይቀየር" አሉኝ። ክው አልኩ። ሌላ መካኒክ ከኋላ ወንበር ስር ያለውን፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውን የአየር ማስገቢያ ከፍቶ ሲያሳየኝ፣ ማጣሪያዋ በአቧራና በውሻዬ ፀጉር ድፍን ብላለች። ተጸዳች፣ መብራቱም ጠፋ። ያገለገለ የምትገዙ መጀመሪያ እሷን እዩ፣ የቆዳ ወንበሩ ይደርሳል።