«የት ነው አገርህ?» ለምትሉኝ ሁሉ

ኧረ ሰው ምን ነክቶታል? ስሜን ስነግረው አይበቃውም፣ የአባቴን ይጠይቃል። አባቴ ደግሞ ተስፋዬ ነው። ከተስፋዬ ምን ይገኛል? በየብሔሩ ሞልቷል። ሰውየው ትንሽ ቅር ይለውና «የአያትህስ?» ይላል። አያቴ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይፈካል። «እንዴ! ታዲያ እንዲህ አትልም?» ከዚያ ወይ «የኛ ልጅ» እሆናለሁ፣ ወይ ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል።

«የት ነው አገርህ?»
«ጨርቆስ።»
«አይ፣ ቤተሰቦችህ ማለቴ ነው።»
«እነሱም ጨርቆስ ናቸው።»
«ከዚያ በፊትስ?»

ከዚያ በፊትማ አባቴ ከአንድ ጎን፣ እናቴ ከሌላ ጎን መጥተው አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። ቤታችን ውስጥ ስድብ በአንዱ ቋንቋ ነው፣ ምርቃት በሌላው። የትኛው በየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ኮመንት ላይ ጦርነት ይነሳል።

የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ላወጣ ስሄድ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «ብሔር?» አለችኝ። «ቅልቅል» አልኳት። «እሱ የለም። የአባትህን ልጻፈው» ብላ ጻፈችው። ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝ እናቴ በአንድ እስክሪብቶ ቀረች። ለፋይዳ፣ ለአዲሱ ዲጂታል መታወቂያ፣ ስመዘገብ ደግሞ አሥር ጣቴን ሰጠሁ፣ ዓይኔን ተነሳሁ፣ ብሔር ሳልጠየቅ አለቀ። «ይኼው ነው?» ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። ይጀምር። እኔ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻዬን ስቆም ሕዝብ አይደለሁም፣ የመሸበት ሰው ነኝ።

አልዋሽም፣ ሰርግ ላይ የአባቴ ወገኖች ዘፈን ሲመጣ ማንም ሳይጎትተኝ እነሳለሁ። የእናቴም ሲመጣ እንደዚያው። ሞቅ ይላል፤ «የኛ» መባል ደስ ይላል። ያንገሸገሸኝ «አንዱን ምረጥ» መባሉ ነው።

ፌስቡክ ላይማ አይወራ። አንድ ቦታ ሰው ሞቶ «ነፍስ ይማር» ስል «የኛ ሲያልቅ የት ነበርክ?» ይመጣል። በሌላ ጊዜ ለነዚያ ሳዝን የወዲያኞቹ በተራቸው «ድሮም ደምህ ነው» ይላሉ። ዝም ካልኩ «ዝምታህም አቋም ነው»። ቆይ፣ ለሐዘንም ድጋፍ ደብዳቤ ላጽፍ?

ከዚህ ሁሉ የሰፈራችን እድር ይሻለኛል። ወርሃዊህን ትከፍላለህ፣ ቀብር ትገኛለህ። ከቀረህ ቅጣት አለ፣ ሰበብ አይሰራም። ድንኳን ሲተከል «አንተ፣ ያንን ገመድ ሳብ!» ይሉሃል እንጂ ዘርህን የሚቆጥር የለም። (ሰብሳቢያችን ግን ቅጣት ይወዳሉ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ነው።)

እና ከዚህ ሥር «ስድቡ በየትኛው ነው?» ብላችሁ ለመገመት የምታሟሙቁ፣ አውቃችኋለሁ። ብሎክ አደርጋለሁ። ሁለቱንም ወገን።